የዝም አሰኚው በትር

በቁስጥንጥንያ ከተማ፣ በሮም ንጉሥ ቤት፣ አንድ ዝም አሰኚ ነበረ።

ሥራው ስሙ እንደሚለው ነው። ንጉሡ ከመጋረጃው ሲወጣ ይህ ሰው ረጅም በትሩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ አዳራሹን የሞላው ሰው ጸጥ ይላል። ንጉሡ ባለጉዳይ መስማት ሲፈልግ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝም አሰኚው በትሩን ወለሉ ላይ ያጋድማል፤ ባለጉዳዩም ያን ጊዜ አፉን ይከፍታል። በትሩ ሲቆም ዝምታ ነው፣ ሲጋደም ንግግር ነው። ሌላ ሕግ የለውም። «ዝም በሉ» ብሎ በአፍ ማዘዝ እዚያ ቤት ነውር ነው፤ በጩኸት ጸጥ ማሰኘት የገበያ ሰው ሥራ ነው ይላሉ። አትሳቅ ጓንጉል። አንተም የደጃዝማቹ አጋፋሪ ነህ፤ ባላምባራስ እስክትባል ድረስ ስንቱን ባለጉዳይ ደጅ እንዳስጠናኸው ሰምቻለሁ።

ጥያቄህን አልረሳሁትም። ልጅህ ስንዱ ሁለት ወር ሙሉ ሳል ይዟት መክረሙን የሰማኸው ከጎረቤት ነው። ለባዕድ የነገረችውን ከአባቷ ለምን ሸሸገችኝ ብለህ ግማሽ ቀን በበቅሎ ተጉዘህ መጣህ። መልሱን ባጭሩ ብነግርህ ትቆጣለህ፤ ተቆጥተህም ምሳ ሳትቀምስ ትሄዳለህ፤ ተማሪዬ ሳለህም ጠባይህ ይኸው ነበር። ስለዚህ የሌላ ሰው ነገር ልንገርህ። አገሩም ዘመኑም ሩቅ ነው፣ አያስቆጣም።

ያ ቤተ መንግሥት የተሠራው ባሕር ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከባሕሩ ይነሣና በመስኮቶቹ ይገባል። ያን ጊዜ መኳንንቱ ከወገባቸው በታች አይታዩም፤ ካባቸው ብቻውን በአየር ላይ የሚሄድ ይመስላል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት መብራቶች ቀንም አይጠፉም። ግድግዳው ላይ በወርቅ ጠጠር የተሠሩት ቅዱሳን፣ መብራቱ በተወዛወዘ ቁጥር ዓይናቸውን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚያዞሩ ይመስላሉ። እዚያ የገባ እንግዳ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ለማወቅ እጁን ይቆነጥጥ ነበር አሉ። ቆንጥጦም እርግጠኛ አይሆንም።

ወለሉ እብነ በረድ ነው። እያንዳንዱ ሹም የሚቆምበት የራሱ ድንጋይ አለው፤ ሰይፍ ያዡ ቀዩ ላይ፣ ጽዋ አቅራቢው ነጩ ላይ፣ መጋረጃ ገላጩ ግራጫው ላይ። በዚያ አገር ሹመት ማለት ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው መሻገር ነው። ሰው ሲሾም «ስንት ድንጋይ ተሻገረ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሲሻርም እንዲሁ። ለዝም አሰኚዎቹ ሰባት ድንጋይ ተመድቦላቸዋል። አንደኛው ከውጭው በር አጠገብ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው የባሕር ነፋስ ይመታዋል፣ የዓሣ ሽታ ይደርሰዋል፣ የመርከበኞች ዘፈንም ይሰማዋል። ሰባተኛው አረንጓዴ ነው፤ ከንጉሡ መጋረጃ ሥር። እዚያ የሚሰማው መብራት ዘይቱን ሲጠጣ ብቻ ነው።

የእኛ ሰው አንደኛው ድንጋይ ላይ በጎልማሳነቱ ቆመ። ቤቱ ከወደቡ ቅጥር ሥር ነበር፤ ትንሽ ቤት፣ አንድ የበለስ ዛፍ ያላት። በለሱን የተከለችው ሚስቱ ናት። እሷ ልጃቸውን ስትወልድ ሞተች፤ ልጅቷን ያሳደገቻት ምግብ የምታበስልላቸው አንዲት አሮጊት ናት።

በዚያን ዘመን ዝቅተኛ ሹም በትሩን ይዞ ከግቢ አይወጣም፤ ሲወጣ ለዕቃ ቤቱ ሰው ያስረክባል። ስለዚህ ሰውየው ማታ ቤቱ የሚገባው ባዶ እጁን ነበር። ልጅቷ ደረጃው ላይ ትጠብቀዋለች፤ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ውሎዋን ታወርድለታለች። የጎረቤት ድመት መረብ ውስጥ ገብታ ስትጮኽ እንደዋለች፣ ከመርከብ የወረደ አንድ ሰው ጆሮው ላይ ቀለበት እንዳለው፣ ከዛፉ የወደቀች በለስ ስትከፈት ጉንዳን ሞልቷት እንደተገኘች፣ ሁሉንም ትነግረዋለች። ከመጨረሻው ትጀምርና ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች፤ መሐል ላይ ሌላ ወሬ ይገባባታል። እሱ ቀኑን ሙሉ ዝምታ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነውና ይህ ሁሉ ወሬ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር የሚጠጣው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

ሰውየው በሥራው የተመሰገነ ነበረ። ሁለተኛውን ድንጋይ ተሻገረ፤ ሦስተኛውንም። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አራተኛው ላይ ቆመ። በዚያ ቤት ሥርዓት አራተኛውን ድንጋይ የረገጠ ዝም አሰኚ በትሩ የራሱ ይሆናል። ይዞት ይወጣል፣ ይዞት ይገባል፤ መንገድ ላይ ያየው ሰው ገለል ይልለታል።

መጀመሪያ ቀን በትሩን ይዞ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ አየው። አሮጊቷ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። እሷ የግቢውን ሥርዓት ሁሉ በቃሏ ታውቅ ነበር፤ ገበያ ወርዳ የጌታዬ በትር ሲቆም መኳንንት እንኳ አይተነፍሱም እያለች ስታወራ የኖረች ናት። ሰውየው ገባና ከወንበሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ በትሩን አስደግፎ አቆመው። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። በትር ቤት ሲገባ የሚቀመጠው እንዲሁ ነው፤ ጥግ ላይ ይቆማል።

ልጅቷ እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። አሮጊቷ እጇን ቆንጠጥ አደረገቻትና በዓይኗ ወደ ጥጉ አመለከተቻት። በትሩ ቆሟል። ልጅቷም አፏን ገጠመችና አባቷ እስኪያጋድመው ድረስ ለመጠበቅ ተቀመጠች።

እሱ ጫማውን አወለቀ፣ ወንበሩ ላይ ተደገፈ፣ ጸጥ ያለውን ቤቱን ዙሪያውን አየና እፎይ አለ። ልጄ አድጋለች አለ በልቡ፤ ጨዋ ሆናለች።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳልስቱም። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና እሱን ሳይሆን በትሩን ታያለች። እሱም በሹመቱ የኮራች መሰለው። አንድ ቀን በትሩ አግዶት በሩ አልዘጋ ስላለው ከጥጉ አነሣው፤ ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እሱ ግን ወደ ሌላኛው ጥግ ወስዶ መልሶ አቆመው። እሷም ተመልሳ ተቀመጠች። ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቃትም። ለባልደረቦቹ ግን በኩራት ነገራቸው፤ ቤቴ ቤተ መንግሥት ሆኗል አላቸው።

በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ይህን ልብ በልልኝ። አሮጊቷ ያስተማረችው የተማረችውን ነው። ልጅቷ የታዘዘችው የተነገራትን ነው። ሰውየውም ልጁን ይወድ ነበር። ስማኝ፣ ይወዳት ነበር። በቤተ መንግሥት ግብር በተበላ ቁጥር በመሐረቡ ለውዝ ቋጥሮ ያመጣላታል። እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ትነሣለች። አንድም ቀን ከፍ ያለ ድምፅ በዚያ ቤት አልተሰማም።

ከታች ግን፣ ከወደቡ አፍ ላይ፣ መረብ የምትጠግን አንዲት መበለት ነበረች። ልጅቷ እዚያ ትወርድና የመረብ ክምር ላይ ትቀመጣለች፤ ክር ታቀብላለች፣ ትናገራለች፣ ትስቃለች። ሰውየው አንዳንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ በጉሙ ውስጥ የአንዲት ልጅ ሳቅ ይሰማዋል። የማን ልጅ ናት፣ አባቷ የታደለ ነው እያለ ያልፋል።

እንዲህ አሥር ዓመት አለፈ። ሰውየው አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ተሻገረ። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ጆሮው ይለወጥ ጀመር። ድሮ ከበሩ አጠገብ ሲቆም የአንዱን ዝምታ ከሌላው ዝምታ ይለይ ነበር፤ የፈራ ሰው፣ የራበው ሰው፣ ቂም የያዘ ሰው፣ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሰው፣ ሁሉም ዝም ሲሉ ለእሱ አንድ አልነበሩም። አሁን ሁሉም አንድ ሆነበት። ዝምታ ዝምታ ነው፤ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ንጉሡ እህቱን ለአንድ የሰሜን ንጉሥ ዳረ። የሙሽራው አገር ከባሕሩ ማዶ፣ ከበረዶው ወዲያ ነው፤ የሄደ አይመለስም። ለሙሽራዋ ስድስት ደንገጡሮች ከሹማምንት ቤት ተመረጡ። የእልፍኝ አስከልካዮቹ አለቃም የእኛን ሰው ጠራውና ልጅህን ስጥ አለው። አረንጓዴው ድንጋይ ሰው እንዳጣም በዚያው ነገረው፤ ሽማግሌው ዝም አሰኚ በጾሙ መግቢያ ሞቶ ነበር።

ልጁን በድንጋይ ለወጠ ብለህ አትፍረድበት። ለእሷም ክብር መስሎታል። የንጉሥ እህት ደንገጡር መሆን በዚያ አገር ስንቱ ተስሎ ያጣው ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ፣ በትሩን ጥጉ ላይ አቆመ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ነገሩን ሁሉ ነገራት። ከዚያም እሺ ትይኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ልጅቷ በትሩን አየች። ብዙ ጊዜ አየችው። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አሁንም ዓይኗን ከበትሩ አልነቀለችም። እሱ ደስታና ድንጋጤ ያስለቀሳት መሰለው። በቤተ መንግሥት ደግሞ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል፤ ጸሐፊው «እሺ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። እሱም እንዲሁ አደረገ። ባረካትና ወጣ።

የስንብቱ ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፤ ጉሙ ከወትሮው ከብዶ ነበር። መኳንንቱ በየድንጋያቸው ቆሙ። የእኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴውን ድንጋይ ረገጠ፤ ከእግሩ ሥር ያለው ነገር ድንጋይ ሳይሆን ጥልቅ ውኃ መሰለው። መጋረጃው ተገለጠ። ንጉሡ ታየ። በትሩ ቆመ። ከውጭ ሙሽራዋን የሚጠብቀው መርከብ እንኳ መንቋቋቱን ተወ አሉ።

ስድስቱ ልጃገረዶች ገብተው ተንበረከኩ፤ የእሱ ልጅ ሦስተኛዋ ነበረች። በዚያ ቤት ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሰናበት የሚደረግ አንድ ሥርዓት አለ። ንጉሡ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ በትሩ ለሦስት ትንፋሽ ያህል ይጋደማል። ቃል ያለው ሰው ይናገር ማለት ነው። ሥርዓቱ ከአባት ከአያት የመጣ ነው፤ በሕይወት ካሉት ሰዎች ግን በዚያች ሰዓት ሰው ሲናገር የሰማ የለም። በትሩ ይወርዳል፣ ሦስት ጊዜ ይተነፈሳል፣ በትሩ ይነሣል፣ ሁሉም ይወጣል።

ንጉሡ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሰውየው በትሩን አጋደመ።

ልጅቷ አየችው። አሥር ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው በትር ከፊቷ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ወደ ንጉሡ አልዞረችም። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ከየቱ ልጀምር» አለች። «በለሱ ዘንድሮ አላፈራም፤ እማዬ የተከለችው ነውና ታዝናለህ ብዬ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። እኔም አባዬ፣ እኔ ከአንተ…»

ድምፁን አላወቀውም። እሱ የሚያውቀው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ይህ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ማን ነው የሚናገረው እያለ ሲያስብ ሦስተኛው ትንፋሽ አለቀ። እጁም ተነሣ። ማንም አላዘዘውም፤ ራሱም አላዘዘውም። ሠላሳ ዓመት ሲያነሣ የኖረ እጅ በሰዓቱ ተነሣ። በትሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልጅቷም ዝም አለች። አፏ በቀረው ቃል ላይ እንደተከፈተ ነበር፤ ቀስ ብላ ገጠመችው።

ለምን አልጣለውም ትለኛለህ። ይኸው አልክ፤ ፊትህ ላይ አየሁት። ተቀምጠን ስንሰማ ሁላችንም ጀግና ነን። ሰውየው በትሩ መቆሙን ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ማጋደም የሚቻለው ንጉሡ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ ደግሞ ነገሥታት ወደሚያዩበት ወደ ሩቅ እያየ ነበር። ስድስቱ ልጃገረዶች ተነሡ፣ ሰልፉ ጉሙን ሰንጥቆ ወደ ወደቡ ወረደ። ከወገባቸው በታች አይታዩም ነበር። ሦስተኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ከኋላቸው ለመለየት ሞከረ፤ መሸፈኛቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አልቻለም።

ባልንጀሮቹ ከበው አመሰገኑት። የእልፍኝ አስከልካዮቹ አለቃ በሰው ፊት መጣና ንጉሡ ደስ እንዳላቸው ነገረው፤ በገዛ ልጁ ፊት እንኳ እጁ አልተንቀጠቀጠም ብለዋልና የወርቅ መታጠቂያ ተሸልሟል አለው። እዚያው አስታጠቁት። ጓንጉል፣ እኔ በዚህ ነገር ውስጥ በጣም የሚያመኝ ይህ መታጠቂያ ነው። ሰው ባጠፋ ጊዜ ቢቀጣ ጥፋቱን ያውቃል። ሲሸለም ግን ከየት ይወቀው?

ሰውየው ወደ ወደቡ ሮጠ። መርከቡ ጉም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ጥቂት ተሰማና እሱም ጠፋ። ያን ጊዜ መረብ ከምትጠግነዋ መበለት ደጅ ደረሰ። መታጠቂያውን እንደታጠቀ፣ በትሩን እንደያዘ ቆመ። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። በትሩን እንዲያጋድመው በእጇ አመለከተችው። ነገሩ ባይገባውም መረቡ ላይ አጋደመው።

ከዚያ ነገረችው። ልጅቷ አሥር ዓመት ሙሉ ያ በትር ቤቷ ውስጥ እስኪጋደም ስትጠብቅ እንደኖረች፣ ዛሬ ያጋድመዋል፣ ነገ ያጋድመዋል እያለች ወሬዋን በቅደም ተከተል እንዳስቀመጠች፣ አንዳንዱ ወሬ አርጅቶባት እዚህ መጥታ እንደተናገረችው፣ ሁሉን ነገረችው። ሰውየው እኔ እኮ በቤቴ ማንንም ዝም በል ብዬ አላውቅም አለ።

«አላሉም» አለች ሴትዮዋ። «አቁመውት ነው እንጂ።»

በመጨረሻ በፍርሃት ጠየቃት። ልጄ «እኔ ከአንተ» ብላ ጀምራ ነበር፤ ምን ልትል ነበር አላት። ከአንተ መለየት አልፈልግም ልትል ይሆን፣ ከአንተ የደበቅሁት ነገር አለ ልትል ይሆን፣ ከአንተ ቅሬታ አለኝ ልትል ይሆን፤ የትኛው ነው?

ሴትዮዋ መርፌዋን አቆመች። «ብዙ ነገር ነግራኛለች ጌታዬ። ይህን ግን ለእርስዎ ብላ አስቀምጣው ነበር» አለችው።

ቤቱ ሄደ። ገና ቀትር ነው፤ ፀሐይ ጉሙን ገፍፋው ቤቱ በብርሃን ተሞልቶ ነበር። በትሩን ወለሉ መሐል አጋደመው። አሮጊቷ ከማድቤቱ ብቅ አለችና አየችው። በትሩን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና በትሩን አየች። ከዚያ መናገር ጀመረች። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው አለች። የግራ ጫማዎ ሲራመዱ ይንቋቋል፣ ሰው ይስቅብዎታል አለች። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ንዳድ ይዟት ልትሞት ነበር፤ ሦስት ቀን ከጎንዋ ስቀመጥ እርስዎ ማታ ማታ እየገቡ ተኝታለች ብለው ያልፉ ነበር አለች። ማንበብ ተምራለች አለች። ለውዝ አትወድም ነበር አለች፤ አንድም ቀን ወድዳ አታውቅም። እየተናገረች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች፤ ፀሐይ ወደቡ ውስጥ እስክትገባ ድረስ አላቆመችም። ሰውየው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ከወሬው መሐል አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ይፈልግ ነበር። አልነበረችም።

በኋላ በመርከብ ደብዳቤ ይልክላት ነበር አሉ። በየዓመቱ መልስ ይመጣል፤ ጽሕፈቷ ያማረ፣ ቃሏ ያጠረ። «ለክቡር የሰባተኛው ድንጋይ ሹም፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ» ይላል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። ሰውየው ባዶውን ወደ ብርሃን አድርጎ ያይ ነበር ይላሉ።

ነገሩ እዚህ ያበቃል። አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

እኔ በትር የለኝም ልትለኝ ነው። ዛሬ በግቢዬ በር ስትገባ ጉሮሮህን ጠረግህ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዳዊት ሲደግሙ የነበሩት ተማሪዎቼ በሙሉ ጸጥ አሉ። እኔ እንኳ፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ፣ ፊደል ያስቆጠርኩህ፣ ሳላስበው ጋቢዬን አስተካክዬ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። በራሴ አፈርኩ። አንተ ግን አላየህም፤ ጸጥታው ከፊትህ እየሄደ መንገድ ሲጠርግልህ ለምደኸዋል። የደጃዝማቹ ደጅ ላይ ይህ መልካም ነገር ነው፤ ያለዚያ ሰው እርስ በርሱ ይረጋገጣል። አልወቅስህም። የገዛ ደጅህ ላይ ስትደርስ የምታጋድመው ነገር እንዳለህ ግን ማንም አልነገረህም፤ እኔም መምህርህ ሆኜ አልነገርኩህም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ስንዱን ጠርተህ ለምን ሸሸግሽኝ ብለህ እንዳትጠይቃት። ያ ጥያቄ ራሱ የቆመ በትር ነው። ደግሞም አልሸሸገችህም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወር የኖረ ሳል በምን ይሸሸጋል? ጎረቤት በግድግዳ አልፎ የሰማው ሳል አንተ ጆሮ ያልደረሰው በምን ምክንያት ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። እኔ የሚመስለኝን ልንገርህ፤ ተቆጣ ብትፈልግ፣ ምሳውን ግን ብላ። ጉሮሮህን ስትጠርግ ከደጅ ትሰማሃለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። አንተ ገብተህ፣ ተቀምጠህ፣ በልተህ፣ እስክትነሣ ድረስ ትውጠዋለች። ደረቷ እየተቃጠለ ለአንተ ጸጥታ ትጠብቃለች። አንተም ቤቴ ሰላም ነው ብለህ ታድራለህ።

የእሱ ልጅ ባሕር ተሻግራለች። የአንተ ልጅ ከግማሽ ቀን መንገድ ወዲያ ናት። በቅሎህን ደጅህ ሳትደርስ አስረህ ጉሮሮህን ሳትጠርግ ግባ። መጀመሪያ የምትሰማው ቃል አይሆንም፤ ሳል ይሆናል። ተቀመጥና እሱን ሳታቋርጥ ስማው።